ልጁ የሚውለው አያቱ ጋ፣ በጀቱ የሚውለው ማቆያ ላይ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ዕረፍት ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ስለነበር ጭማሪው ቀላል አይደለም። አባት ሦስት ቀን ተፈቅዶለታል። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጁ ገና ራሱን ችሎ አልተቀመጠም፤ የጤና ባለሙያዎች «ጡት ብቻ ይጥባ» የሚሉት ስድስት ወርም ግማሹ ይቀራል። መንግሥት የሚያውቀው ቀጣዩ በር ቅድመ አንደኛ ደረጃ ነው፤ እሱ የሚከፈተው ልጁ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። በሁለቱ መካከል ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር አለ።

ይህን ጊዜ ማን እንደሚሸፍነው ሁሉም ቤት ያውቀዋል። የወላዷ እናት ከደሴ ወይም ከሆሳዕና ትመጣለች። ለአራስነቱ ብቻ ተብላ የመጣች አያት ብዙ ጊዜ ልጁ አፍ እስኪፈታ ትቆያለች። እሷ ካልተመቻት የባል እኅት ትጠየቃለች፤ ያም ካልሆነ ከገጠር የአጎት ልጅ ትመጣለች። ዘመድ ሲታጣ ደግሞ ግድግዳ የሚጋሩት እማማ አሉ፦ «እኔ ጋ ተዪው፣ ከልጅ ልጄ ጋር ይጫወታል።»

ስለ ሕፃናት በአደባባይ የሚደረገው ውይይት ግን እነዚህን ሰዎች አያያቸውም። የሕፃናት ቀን ማቆያ ይሠራ ይባላል፤ ይሠራል፤ ሪባን ይቆረጣል። ማቆያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። አብዛኛው ሕፃን ዛሬም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም የሚውለው ዘመድና ጎረቤት እጅ ላይ ስለሆነ ድጋፉ ልጁ ወዳለበት ይሂድ ነው የምለው። ይህም በጥንቃቄ ካልሆነ ድጋፍ ተብሎ የሚመጣው ነገር ራሱ እነዚህን ሰዎች ሊያባርራቸው ይችላል። በሌላ አገር ሆኗል፤ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ያለውን እንይ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸው ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ሥፍራ እንዲያዘጋጁ አዘዘ፤ በርካታ መሥሪያ ቤቶችም ከፍተዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከዚያ አልፎ በቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራሙ የቀን ማቆያዎችን፣ የመጫወቻ ሥፍራዎችንና ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሠራተኞችን አምጥቷል። ከሦስቱ ትንሽ የሚወራለት የመጨረሻው ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበውም እሱ ነው።

የመሥሪያ ቤት ማቆያ መሥሪያ ቤት ላላት እናት ነው። ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ሌሊት ተነሥታ የጋገረችውን እንጀራ ለየሱቁ የምታከፋፍል፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ስሚንቶ የምታቀብል እናት የሚጠየቅላት አሠሪ የላትም። ቢኖራትም የዛሬው ነገ የለም። ልጇን ወይ አዝላው ትሠራለች፣ ወይ ለሰው ትተወዋለች። በገጠር የልማታዊ ሴፍቲኔት መመሪያ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ክፍያቸውን እንዲያገኙ፣ በሥራ ቦታም ሕፃናት የሚቆዩበት ሥፍራ እንዲዘጋጅ ይላል። ይህ ጥሩ ሐሳብ የሚደርሰው ግን በፕሮግራሙ ለታቀፉት ነው። የሌላው ገበሬ ልጅ አያቱ ጓሮ ነው ያለው።

ወረቀት ላይ ጉዳዩ የተረሳ አልነበረም። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች ነበሩት፤ አንደኛው የወላጆች ትምህርት ነው። በተግባር የሮጠው የትምህርት ቤቱ ክንፍ ሆነ። የ«ኦ» ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ከሃያ ልጅ ለአንዱ ያህል ብቻ ይደርስ የነበረው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በጥቂት ዓመታት ወደ ግማሽ ለሚጠጉት ደረሰ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትን አላሳንስም። ነገር ግን በሪፖርት የሚቆጠረው ክፍልና የተመዘገበ ተማሪ ነው። ለአንዲት አያት የተሰጠ ምክር የትኛው ቅጽ ላይ ይሞላል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የዘመድና የጎረቤትን ጥበቃ በብዛት የሚያፈርሰው የሕፃናት ፖሊሲ አለመሆኑ ነው። የሚያፈርሰው የቤት ፖሊሲ ነው።

በአራት ኪሎ፣ በልደታ፣ በካዛንቺስ የነበሩት የቀበሌ ቤቶች ጠባብ ነበሩ፤ ጣሪያቸው ያፈስሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ማንም እንዲያሞካሻቸው አልፈልግም። አንድ ግቢ ውስጥ ግን ስድስትና ሰባት በር ነበር፤ ከእነዚያ አንዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ልጁን የሚይዘው ግቢው ነበር፦ አንዷ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሌላዋ፣ እሷ ለቅሶ ስትደርስ ሦስተኛዋ። ነፃ የሚመስለው ሥራም ያልተጻፈ ሒሳብ ነበረው። ዛሬ ልጅሽን የያዘችልሽን ነገ በርበሬ ስትቀነጥስ ታግዣታለሽ፤ ቡና ስታፈዪ ትጠሪያታለሽ፤ ስትታመም ትጠይቂያታለሽ። እናት ለማያውቃት ሰው ልጇን አትሰጥም፤ ያ የምታምነው ሰው ደግሞ የተገኘው አብሮ በመኖር ብዛት ነው፣ በማስታወቂያ አይገኝም።

ኮንዶሚኒየም ይህን ግቢ በዕጣ በተነው። ለአንዱ ጀሞ፣ ለአንዱ የካ አባዶ፣ ለሌላው ኮዬ ፈጬ ደረሰው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳር፣ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ ሠፈሮች ሄደዋል። አዲሱ ቤት የራሱ ሽንት ቤትና የራሱ ወጥ ቤት አለው። ግድግዳ የሚጋሩት እማማ ግን ሌላ ሠፈር ናቸው። እናት ሥራዋ አሁንም መሀል ከተማ ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ ስትመለስ ጨልሟል። ሠፈሯ ውስጥ ማቆያ ቢከፈትላት እንኳ ጠዋት 2 ሰዓት ተከፍቶ 11 ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ አይጠቅማትም። ጎረቤት የመዝጊያ ሰዓት የላትም።

አብረው የሚነሡ ጎረቤቶች አንድ ብሎክ ላይ፣ ቢያንስ አንድ ሳይት ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ ተጨማሪ ሲሚንቶ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የዕጣው አሠራር ላይ ማሰብ ነው። አንድ ዕድር ሳይበተን ማዛወር የሕፃናት ፖሊሲ ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። እኔ ግን ከብዙ ማቆያ የበለጠ ልጅ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል።

እስካሁን የጻፍኩት አያትንና ጎረቤትን ማሞገስ እንዳይመስል፣ የጎደለውንም ላንሣ።

አንደኛ፣ አያት ትደክማለች። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በሚጠፋበት ቀን፣ ደም ግፊት ያለባት የ65 ዓመት ሴት አዲስ መራመድ የጀመረ ልጅ ይዛ ስትውል ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጅ ስትጥል ወይም ጥጥ ስትፈትል የኖረች አያት ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ጡረታ የላትም። የልጅ ልጇን እየያዘች ለመድኃኒቷ የልጇን እጅ ታያለች። እምቢ የማለት መብቷም ቀጭን ነው፤ «ደከመኝ» ያለች አያት የልጇን ትዳር ያፈረሰች ያህል ይሰማታል።

ሁለተኛ፣ ልጅ የምትይዘው ራሷ ልጅ የሆነችበት ቤት ብዙ ነው። አሥር ዓመት ያልሞላት እኅት ታናሿን አዝላ ትውላለች፤ በገበያ ቀን ትምህርት ቤት አትታይም። በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን በሁለት የዕድሜ ክልል ከፍሎ ለዓመታት የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት የቤት ውስጥ ሥራና እንክብካቤ በልጆች፣ በተለይም በሴቶቹ፣ ጊዜ ላይ ምን ያህል እንደሚጫን አሳይቷል። «ዘመድ ናት» ተብላ ከገጠር የምትመጣዋም እዚሁ ላይ ትነሣለች። በአዋጅ 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ዘመድ ግን አልተቀጠረችማ! ደመወዝ የላትም፣ የዕረፍት ቀን የላትም፤ ከተሳካ የማታ ትምህርት ትማራለች። በደመወዝ የምትሠራዋ የቤት ሠራተኛ እንኳ ሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ትተዳደራለች ተብላ ከአዋጁ ውጪ ሆናለች፤ ደንቡ ደግሞ ከቀድሞው አዋጅ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ ኖሯል። ዘመድን መደገፍ የሚል ፕሮግራም እነዚህን ልጆች ከያዙት ሥራ የሚያወጣ ካልሆነ ያንኑ ሥራ ማጽናት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አያት የምታውቀው ሁሉ ለልጁ ጥሩ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ገና ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማላስ ከእሷ የሚመጣ ነው። ከሰሉን ዝግ ክፍል ውስጥ የምታስገባውም እሷ ናት። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍ ውስጥ ከጤና፣ ከምግብ፣ ከደኅንነትና ከቅድመ ትምህርት ጋር እኩል የተቀመጠ አምስተኛ ነገር አለ፦ ለልጁ ምልክት ምላሽ መስጠት። ሲስቅ መሳቅ፣ ሲጠቁም የጠቆመውን ስሙን መንገር፣ ሲያለቅስ ማንሣት። እሹሩሩ የምትለዋ፣ «ዐይንህ የታል? አፍንጫህ የታል?» እያለች ስትጫወት የምትውለዋ አያት ይህን ማንም ሳያሠለጥናት ታደርገዋለች። አንዲት ሞግዚት አሥራ አምስት ሕፃን የምትይዝበት ማቆያ ውስጥ ይህን ማግኘት ከባድ ነው።

እዚህ ላይ የጤናው ሥርዓት ያለፈው ዕድል አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳየ። መቀንጨር በአብዛኛው የሚመጣው ልጁ ተጨማሪ ምግብ በሚጀምርበት፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ እናት ወደ ሥራ የተመለሰችበት ጊዜ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ምጥን ገንፎን፣ እንቁላሉን፣ የእጅ መታጠቡን የምታስተምረው እናትን ነው። ምክሩ ለእናት ይሰጣል፤ ማንኪያው ያለው አያት እጅ ላይ ነው። ሴኔጋል ውስጥ አያቶችን ራሳቸውን ሰብስቦ፣ ዕውቀታቸውን አክብሮ፣ አዲሱን ከነባሩ ጋር እያነጻጸሩ እንዲወያዩ ያደረገ የሥነ ምግብ ትምህርት ተሞክሮ የእናቶችም አመጋገብ፣ የሕፃናትም አያያዝ ተሻሽሎ ታይቷል። ማንም አያቶቹን ኋላ ቀር አላለም፤ ዋናው ዘዴ ያ ይመስለኛል።

ወደ ዐረብ አገር የሄዱ እናቶችን ሳናነሣ ደግሞ ስለ አያት ማውራት አይቻልም። ሪያድ ወይም ቤይሩት የሰው ልጅ የምታሳድግ ሴት የራሷን ልጅ ያሳደገችላት እናቷ ናት። ይህ ለጥቂት ሰዓት የሚሰጥ እገዛ አይደለም፤ ሙሉ አሳዳጊነት ነው፣ ዓመታት ይፈጃል። ገንዘቡ በመጣ ወር ይመጣል፤ ስልኳ በተነጠቀች ወር አይመጣም። አያትየዋ በሕግ ፊት ማን ናት? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጆች ሲሞቱ ወይም መብታቸውን ሲያጡ አያቶች ለሞግዚትነት ይጠራሉ። እናት በሕይወት ኖራ በሩቅ ስትሆን ግን አያት የያዘችው ልጁን እንጂ ወረቀት አይደለም። ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት፣ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ለመፈረም ስትጠየቅ ውክልና ይባላል፤ ውክልናው ኤምባሲ ያለበት ከተማ ድረስ መሄድ ይፈልጋል፤ አሠሪዋ ፓስፖርቷን የያዘባት ሴት ደግሞ ከቤት አትወጣም። ወጪ የማይጠይቅ ድጋፍ ካለ ይህ ነው፦ ቀበሌው የሚያውቀውን እውነት በወረቀት አስፍሮ «ልጁን የምታሳድገው እሷ ናት» የሚል ቀላል ማስረጃ መስጠት፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያውም እሱን መቀበል።

አሁን ወደ ሌሎች አገሮች።

ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረችው ነገር ከሁሉ ለእኛ ይቀርባል። በድሃ ሠፈሮች ያሉ ሴቶች በገዛ ቤታቸው ከአሥር በላይ የጎረቤት ልጆች ይይዛሉ፤ የቤተሰብ ደኅንነት ተቋሙ ምግቡን፣ ሥልጠናውንና አነስተኛ ክፍያ ይሰጣል። ለተቋሙ ገንዘቡ የመጣው ከአሠሪዎች ላይ በሚሰበሰብ የደመወዝ መዋጮ ነው። «የማኅበረሰብ እናቶች» ተባሉ። ፕሮግራሙ በፍጥነት አገሪቱን አዳረሰ፤ ሕንፃ መሥራት አላስፈለገም፣ ሴቶቹም የሠፈሩ ሰዎች ነበሩ። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ለብዙ ዓመታት በጎ ፈቃደኛ እየተባሉ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ተከፈላቸው። ሰልፍ ወጡ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሥራ ውልና ዝቅተኛውን ደመወዝ አገኙ። ወጣት ሳሉ የጀመሩት ግን በዚያን ጊዜ አርጅተው ነበር፤ ጡረታቸው የተቆጠረው ዘግይቶ ነው። ጎረቤትን «የማኅበረሰብ እናት» እያሉ አሞግሶ በርካሽ ማሠራት ለመንግሥት በጣም ይጥመዋል። እኛ ዘንድ የልማት ቡድን፣ አንድ ለአምስት እየተባለ ስንት ሴት ያለ ክፍያ እንደሠራች እናስታውሳለን።

አሜሪካ ደግሞ የተገላቢጦሹን ታስተምራለች። እዚያ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚታገዝ የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ አለ፤ ክልሎቹ እየጨመሩበት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ያከፋፍሉታል፤ ፈቃድ ያለው ማቆያ ብቻ ሳይሆን አያት፣ አክስት፣ ጎረቤትም ሊከፈላቸው ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ የእኛ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል፦ አባት ሌሊት ፓርኪንግ ወይም አየር ማረፊያ ይሠራል፣ እናት ሆስፒታል በሺፍት ትገባለች፣ ማቆያው ማታ ይዘጋል። ልጁን የምታሳድረው ግሪን ካርድ ይዛ የመጣች አያት ናት፤ ልጁ አማርኛ የሚናገረውም በእሷ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት በቤት ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ የሚይዙት ከ5 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ያለ ምንም ክፍያ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የድጎማው ሕግ ሲታደስ ክፍያ የሚቀበሉ ሁሉ፣ ፈቃድ የማያስፈልጋቸውም ጭምር፣ የጤናና ደኅንነት ሥልጠና፣ የጣት አሻራ ምርመራና ዓመታዊ ጉብኝት እንዲያልፉ ተደረገ። ክልሎች የቅርብ ዘመዶችን ከአንዳንዱ ነፃ ማድረግ ይችላሉ። ዓላማው ደግ ነው፤ ሰው እጅ ላይ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። አስቡት ግን፦ ኮምፒውተር የማትነካ፣ እንግሊዝኛ የማትናገር አያት በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ጨርሺ፣ እነዚህን ቅጾች ሙዪ፣ ተቆጣጣሪ ቤትሽ ይመጣል ስትባል ምን ታደርጋለች? ትተወዋለች። ልጁን ሳይሆን ገንዘቡን። ከድጎማው የወጡት ዘመዶችና ጎረቤቶች ቁጥር ከሕጉም በፊት መጨመር ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ባሰ። ልጆቹ እዚያው ናቸው፤ የቀረው ድጋፉ ነው።

በዚያው አገር የተሳካም አለ። ሲያትል አካባቢ ተጀምሮ በዋሽንግተን ክልል የተስፋፋ «ተጫውቶ መማር» የሚሉት የሳምንት ስብሰባ አለ፤ አያቶችና ጎረቤቶች የሚይዟቸውን ልጆች ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ሠፈር አዳራሽ ይመጣሉ። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ አንዲት ቋንቋቸውን የምትችል አስተባባሪ አብራቸው ትቀመጣለች። ፈተና የለም፣ ምስክር ወረቀት የለም። አያቶቹ ሌላ አያት ያገኛሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከልጅ ጋር ብቻዋን የምትውል ሴት የሚርባት ከሁሉ በላይ ሰው ነው።

ገንዘብ በቀጥታ ለመስጠት የሞከሩም አሉ። ሲኡል ከተማ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ዓመት የሞላውን ሕፃን በወር ቢያንስ 40 ሰዓት ለሚይዝ አያት ወይም ዘመድ 300 ሺህ ዎን ትከፍላለች። ስዊድን በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ወላጆች ከሚከፈልበት የወላጅነት ዕረፍታቸው እያንዳንዳቸው እስከ 45 ቀን ለአያት ወይም ለወዳጅ እንዲያስተላልፉ ፈቀደች፤ ብቻዋን ለምታሳድግ 90 ቀን። ብሪታንያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልጅ ልጁን ለሚይዝ፣ ጡረታ ላልደረሰ አያት ያ ዓመት ለጡረታው እንዲቆጠርለት አድርጋለች። የመጨረሻው ይማርከኛል፤ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ የለውም፣ ግን ሥራው ሥራ ተብሎ ተመዝግቧል።

እኛ ዘንድ «ለልጅ ልጄ ይከፈለኝ?» ብላ የምትቆጣ አያት ትኖራለች። ቁጣዋን ማክበር ይገባል፤ በቁጣዋ ተሸሽጎ ምንም አለመስጠት ግን አይገባም። ለአያት ደመወዝ የሚሆን በጀት የለም፣ ቢኖርም ማን እውነት እንደያዘች ማጣራቱ ከክፍያው በላይ ያስወጣል። ስለዚህ ለዘመድ ከገንዘብ ይልቅ የሚበጀው ሌላ ነው ባይ ነኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለመክፈል አቅም የሌላቸውን መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራር አለው፤ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ የምትይዝና ጡረታ የሌላት አያት በዚያ ዝርዝር ውስጥ በቀጥታ ትግባ። የደም ግፊት መድኃኒቷ ለልጁም መድኃኒት ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት አማካሪዎች በር ሲያንኳኩ «እናት አለች?» ሳይሆን «ልጁን ማን ነው የሚይዘው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቅጻቸው ላይም አንድ ሣጥን ይጨመር።

ቦታም አለ። ብዙ ዕድር የራሱ ቤት አለው፤ ድንኳንና ወንበር ተቆልፎበት ለቅሶ እስኪመጣ ይቀመጣል። ኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ደግሞ ለዕርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠሩ የጋራ ቤቶች፣ ነዋሪው ኮሚናል የሚላቸው፣ ብዙዎቹ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይተዋል። ከእነዚህ በአንዱ በሳምንት አንድ ጠዋት አያቶችና ልጅ ያዥ ጎረቤቶች ምንጣፍ ላይ ቢቀመጡ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ክብደት መለኪያዋን ይዛ ብትመጣ፣ ቡና ቢፈላ ምን ያህል ያስወጣል? የኮሚናሉን ኪራይ የሚሰበስበው ኮሚቴ ያንን ጠዋት ከለቀቀ አብዛኛው ወጪ ተሸፍኗል።

የሚከብደው ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ ዘመድም ሳትሆን፣ ማቆያም ሳትሆን፣ ቤቷ ውስጥ አራት አምስት የሠፈር ልጅ በወር እየተከፈላት የምትይዝ ሴት። ቁጥሯ በአዲሶቹ ሠፈሮች እየበዛ ነው፤ በጣም የምታስፈልገውም እዚያ ነው። የክፍል ስፋት፣ ግቢ፣ የሠለጠነ ሞግዚት የሚጠይቀው የማቆያ ፈቃድ አንድ መኝታ ቤት ኮንዶሚኒየም ላይ አይሠራም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ማንም አያያትም። ናይሮቢ ውስጥ ኪዶጎ የሚባል ድርጅት እንዲህ ያሉ ሴቶችን ሳይዘጋባቸው፣ እዚያው ባሉበት እያሠለጠነና እየተከታተለ ደረጃቸውን ሲያሻሽል ቆይቷል። ለእኛም መጀመሪያ የሚበቃው ጥቂት ነው፦ የሳንባ ምርመራ፣ ከሰል ልጆች ካሉበት ክፍል መውጣቱ፣ ለበረንዳና ለደረጃ መከለያ፣ ልጅ ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ የግማሽ ቀን ትምህርት፣ ከስንት ልጅ በላይ እንዳትይዝ ወሰን። በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ስሟን በነፃ ትመዝገብ፣ በምላሹ ምንጣፍና መጫወቻ ይሰጣት።

እዚህ ላይ ግን የወረዳው ሰው አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ሴትየዋ በሩ ላይ የምትጠይቀው የመጀመሪያው እሱ ነው። የተመዘገበው ስም ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይሄዳል ወይስ አይሄድም? «አይሄድም» የሚል በማኅተም የተደገፈ መልስ ሳይኖር ከተጀመረ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መዝገቡ ላይ ማንም አይገኝም።